ሳይጠየቅ አይቆፈርም

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት

ውኃ መጣች። በሳምንት አንዴ ነው ወደ እኛ ሰፈር የምትለቀቀው። አራት ጀሪካን ሞልቼ አምስተኛው አጋማሽ ላይ ቀጥ አለች። ገረመው አልጋው ላይ ሆኖ ሳፋውንም ሙዪው እንጂ ይለኛል። ባሌ ሲያዝ ጎበዝ ነው። ተነስቶ የሚሞላ ግን የለም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ስማኝ ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ። ስለ ረቂቅ አዋጁ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው የፌዴራል መ/ቤት የሕግ አስተያየት ዛሬ ደረሰን። አዋጁን ታውቀዋለህ፤ እኔ ከሰበታ፣ ጫልቱ ከሱሉልታ፣ ኦቦ ጉርሜሳ ከቡራዩ፣ ሦስት የክልል ም/ቤት አባላት ፈርመን ያቀረብነው። ፍሬው አንቀጽ ሰባት ላይ ነው። ማንኛውም የፌዴራል መ/ቤት በክልሉ መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የክልሉን ም/ቤትና የአካባቢውን ነዋሪ ይጠይቃል። ካልተፈቀደለት አይቆፍርም። በቃ። ይኸው ነው ወንጀላችን።

ለአ.አ. የሚሄድ ውኃ ሊያወጡ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ማሳው ሁሉ ላይ ቀይ ችካል ተክለዋል። የማንን ማሳ እንደረገጡ እንኳ አልጠየቁም። ባለፈው ሲቆፍሩ የአማቴ ሰፈር ምንጭ ነጠፈ። አሁን እዚያ ውኃ በአህያ ነው የሚመጣው።

አስተያየታቸው ምን ይላል? የከርሰ ምድር ውኃ ድንበር ስለማያውቅ ክልል ተሻጋሪ ነው፣ ስለዚህ የፌዴራል ነው። ጉድ እኮ ነው። ድንበር ካላወቀ አንዳንዴ ወደ እኛም ይምጣ እንጂ፣ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሻገራል? ወንዝ ነው ቢሉኝ እሺ። መሬቱን ግን ክልሉ ያስተዳድራል ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ ጉድጓድ ደግሞ አየር ላይ አይቆፈርም። ‹የፌዴራል ሕግን ተከትሎ› የሚለው ላይ በቀይ አስምረውልኛል። አየሁት። እኔም ‹ያስተዳድራል› የሚለው ላይ አስምሬ መለስኩላቸው።

ም/ቤት ውስጥ በኦሮምኛ እከራከራለሁ፣ ቤት ገብቼ በአማርኛ እጽፋለሁ። በልጅነቴ ጽሕፈት የተማርኩት በዚህ ነው፣ ንዴቴም በዚህ ይወጣልኛል።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ኦቦ ደቻሳ ጠራኝ። የእኛን ወገን አባላት የሚያስተባብረው እሱ ነው፣ ማን መቼ እጁን እንደሚያወጣ የሚነግረን። ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲያዝ ነገር እንዳለው አውቃለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። አዋጁን እንድተወው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም አለ። የካቲት 2 ሰኞ በሚደረገው ጉባኤ ራሴ ተነስቼ ለተጨማሪ ጥናት አንስቼዋለሁ እንድል። ከዚያ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ በሙሉ ድምጽ ተመለሰ ተብሎ ይጻፋል፣ ማንም አይከፋም። በዚህ ም/ቤት ስንት ዓመቴ ነው፣ የተቃውሞ እጅ አይቼ አላውቅም። ሰብሳቢው ‹ተቃውሞ?› ብሎ ሲጠይቅ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፣ ቀጥሎ ያለውን አጀንዳ እየገለጠ ነው የሚጠይቀው።

እምቢ ካልኩስ? ፈገግ አለ። ለሚመጣው ምርጫ ዕጩ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አትርሺ አለኝ። የገረመውንም ሱቅ አነሳ፣ ዓለም ገና ላይ ያለችውን የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ። ሥራ እንዴት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። ደኅና ነው አልኩ። ሻዩን ግን ሳልጨርስ ተነሳሁ፣ ላንተ ምን እዋሻለሁ።

ማምሻውን ኦቦ ጉርሜሳ ደወለ። ፊርማውን አንስቷል። ልጆች አሉኝ አለ። እኔማ ሴት ልጅ ሳይሆን ድመት ነው ያሳደግኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከሰዓት

ወይ ጉድ። በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደጅ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች። ፊት ኦቦ ቱሉ፣ የአባቴ እኩያ፣ ሰበታ ከተማ ሳትሆን ጀምሮ ሰው ያስታረቁ። ከኋላቸው ሐጂ ከድር፣ ባለ ጨርቅ ሱቁ፣ እና አንድ የደብሩ ቄስ። ሁሉም እጅ ላይ እርጥብ ሣር።

ጥር ነው፣ የሠርግ ወር። ገረመው ሽማግሌ ሲያይ ለልጃችን ለሔለን የመጡ መሰለው። ሮጦ ጓዳ ገብቶ ኮት ለብሶ ወጣ። ሔለን ፋብሪካ ሥራ ላይ ናት፣ የምታውቀው ነገር የለም። እሱ ግን ማነው ልጁ፣ የየት አገር ሰው ነው ሊል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ብስቅ ደስ ባለኝ። ተቀመጡ አልናቸው። እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም አሉ።

ኦቦ ቱሉ ተናገሩ። የመጡት ለእኔ ነው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከአንድ የፌዴራል ሰው ጋር ተጣልተሻል አሉን፣ ያነሳሽውን ነገር ተይልን አሉ። የገረመው ኮት ትከሻው ላይ ሟሸሸ።

ደቻሳ ነው የላካቸው። አዋጅ አላላቸውም፣ ጸብ ነው ያላቸው። ብልጥ። ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ባዶ እጁን እንደማይመለስ ያውቃል። ብመልሳቸው ነገ ሰበታ ላይ የሚያየኝ ሰው የለም፣ ለቅሶዬም የሚደርስ የለም። እንባዬ መጣ። የንዴት ነው። ኦቦ ቱሉ ግን ልቧ ራራ ብለው ደስ አላቸው።

እና ድንገት ትዝ አለኝ። ይህ ጃርሱማ ነው፣ ሽምግልና። ሽምግልና ደግሞ ሥርዓት አለው። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ነካሁ። እሺ፣ ሽምግልናውን ተቀብያለሁ፣ ተቀመጡልኝ አልኩ። ተቀመጡ። ከዚያ፣ በአንድ ወገን ነገር አስታርቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ አልኳቸው። የተጣላሁት ሰው የታለ? እኔ እዚህ አለሁ። እሱም ይምጣ፣ ኦዳው ዛፍ ሥር እንቀመጥ፣ ሁለታችንንም ስሙን፣ ከዚያ የምትፈርዱትን እቀበላለሁ።

ሐጂ ከድር ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ደበቁ። ቄሱ ሥርዓቱማ እንዲያ ነው አሉ ቀስ ብለው። ኦቦ ቱሉ ረጅም ጊዜ አዩኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የረሱት ይመስለኛል፣ አሁን ትዝ አላቸው። ቶሌ፣ መልካም፣ ማክሰኞ እናመጣዋለን አሉ።

ሲሄዱ ገረመው ኮቱን አልጋው ላይ ወረወረና እኔ እኮ ልጄን ድሬ ነበር አለኝ። ሳቅን። ከሦስት ቀን በኋላ ዛሬ ነው የሳቅነው።

እሑድ፣ ጥር 24

ደቻሳ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ ይህ የም/ቤት ጉዳይ ነው፣ ዛፍ ሥር አይወሰድም። ዛፉን ማን ጠራው? እሱ ራሱ። ሽማግሌ እንደ ደብዳቤ የሚላክና የሚመለስ መሰለው። ሽማግሌ አንዴ ነገር ከያዘ የያዘው ሳይቋጭ አይለቅም፣ ይህን እንዴት ረሳ? እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው።

ጫልቱ ደወለች። እሷ ፊርማዋን አላነሳችም። ድምጿ ግን ቀጭኗል። አይዞሽ አልኳት። እኔን ማን አይዞሽ እንደሚለኝ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ከሰዓት

መጡ። አልጠበቅኩም። ደቻሳ የፌዴራሉን ሰው ይዞት መጣ፣ ኢንጂነር ነው፣ የጉድጓዱ ሥራ ኃላፊ። ገና አርባ ያልሞላው፣ ፀጉሩ ሳሳ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ኦዳው ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። እኔን ፊት ለፊቱ። ኦሮምኛ አይችልም፣ ሐጂ ከድር አስተረጎሙለት።

መጥላት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። እውነቱን ተናገረ። አ.አ. ውስጥ እናቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን እንደሚያሸክሙ፣ ከተማው እንደተጠማ፣ ውኃው ያለው እዚህ እንደሆነ። ይህን ሲል ልቤ ተነካ። እኔም ተናገርኩ። የምንጩን፣ የአህያውን፣ የችካሉን። ጥም ላይ ጸብ የለኝም፣ የአ.አ. ሰው ዘመዴ ነው፣ ግማሽ ቤተሰቤ እዚያ ነው አልኩ።

ኦቦ ቱሉ ሁለት ነገር ጠየቁ። መጀመሪያ እኔን፦ ቢጠይቁሽ ትሰጪ ነበር? አዎ አልኩ። ለእኛም እየደረሰን፣ በልክ፣ እሰጥ ነበር። አዋጁም ይህንኑ ነው የሚለው። ከዚያ እሱን፦ እሺ ብላለች፣ ትጠይቃለህ?

ኢንጂነሩ ቀላ። ለመጠየቅ ሥልጣን የለኝም አለ። ለመቆፈር ነው ሥልጣን ያለኝ።

ሐጂ ከድር ተረጎሙት። ኦቦ ቱሉ እንደገና ይተርጎምልኝ አሉ። ተተረጎመ። የሚጠይቀውስ ማነው አሉ። ኢንጂነሩ ደቻሳን አየ፣ ደቻሳ ስልኩን አየ። ስልኩ አልጠራም።

ሽማግሌዎቹ ፈንጠር ብለው ተማከሩ። ብዙም አልቆዩ። ጸብ ቢሆን እናስታርቅ ነበር አሉ ኦቦ ቱሉ። ይህ ግን ጸብ አይደለም። የሰው ደጅ ሳያንኳኩ መግባት ነው፣ ያንን ደግሞ ሽማግሌ አያስታርቀውም፣ ሕግ ነው የሚከለክለው። ወደ እኔ ዞረው ልመናችንን አንስተናል፣ ነጻ ነሽ አሉኝ። ሣሩን ኦዳው ሥር አኑረው ሄዱ።

ኢንጂነሩ ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ። አንቀጽ ሰባትን ልኪልኝ፣ አላነበብኩትም አለ። ያንን ሁሉ አስተያየት የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እሱ ምን እንደምንጠይቅ እንኳ ሳይሰማ ነው ሲቆፍር የቆየው።

ዓርብ፣ ጥር 29

ሱቁ ታሸገ።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ፣ ማጣራት አለ አሉ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ምን እንደሚጣራ አልተጻፈም። ገረመው ደውሎ ወርቄ፣ ነይ ብቻ አለ። በባጃጅ ደረስኩ። ከሱቁ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉን በእጁ ይዟል፣ የማይከፍትበትን ቁልፍ። ይህን ሰው እኔ ነኝ እዚህ ያስቀመጥኩት አልኩ በልቤ።

ልተወው? አልኩት። ከልቤ ነበር። እሺ ቢለኝ እተወው ነበር፣ ምዬ እነግርሃለሁ።

ቁልፉን አገላበጠው። በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ያንን ቀን ኮት የለበስኩት ለምን መሰለሽ አለ። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነዋ። ለልጄ እንኳ በር አንኳኩተው፣ ሣር ይዘው፣ ቆመው ነው የሚለምኑኝ። መሬቱንስ? ከዚያ ተነሳና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሥራ የለኝም፣ ሰኞ አዳራሽ ድረስ እሸኝሻለሁ አለ።

ይህን ሰው ሲያዝ ጎበዝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። እሰርዘው ነበር፣ ግን እውነት ነው። አሁንም ገና እንደገባ ራት አቅርቢ አለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 2። አዳራሽ፣ ከዕረፍት በኋላ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍህ። አጀንዳው የእኛ ቀጥሎ ነው። ገረመው ደጅ ቆሟል፣ አስገቡኝ ብሎ ከጥበቃው ጋር ሲከራከር ተውኩት።

ደቻሳ ቅድም በዕረፍት ሰዓት አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ግማሽ ገጽ ናት። ‹ረቂቁን ለተጨማሪ ጥናት በፈቃዴ አንስቻለሁ› ትላለች። በፈቃዴ። ብታነቢው ሱቁ ነገ ይከፈታል አለ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። ስለ ኦዳው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ጫልቱ ሁለት ረድፍ ፊቴ ናት። ዞራ አየችኝ። ምን እንደምታደርግ አላውቅም፣ አልጠይቃትምም። ልጅ ናት፣ የራሷን ትወስን።

እኔ ወስኛለሁ። ወረቀቱን አላነብም። አዋጁን አላነሳም። ቢመልሱት ይመልሱት፣ ቁጥሩ የእነሱ ነው፣ ዛሬ አናሸንፍም። ግን ‹ተቃውሞ?› ሲል እጄን አወጣለሁ። ቀና ብሎ ባያይ በስሙ እጠራዋለሁ። እስኪቆጥረኝ አላወርድም። ጸሐፊዋም ‹በአንድ ተቃውሞ› ብላ ትጽፋለች፣ ሌላ የምትጽፈው የላትም። ነገ ልጆቻችን ቃለ ጉባኤውን ሲገልጡ ያኔ ሁሉም ተስማምቶ ነበር አይሉም። አንዲት ሴት ከሰበታ፣ መጀመሪያ ጠይቁን ብላ ነበር ይላሉ።

ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ስሜን ጠሩ። ልነሳ።