ጭስ ያልወጣበት ጠዋት

ይድረስ ለወንድሜ ለኖልቤርቶ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የማዕድን ማውጫው አቧራ ሳንባህን ተወት አደረገልህ ወይ? ባለቤትህ ያስና ደህና ናት? ልጅህ ቪሴንቴስ አደገ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። ልጄ አናይስም ሳሏ ለቋታል። ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ይዣት አድሬ አልነበር? ዘንድሮ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም።

ምክንያቱን ልንገርህ። አየሩ በጭስ በታፈነ ቀን እንጨት ማንደድ ተከልክሏል። ጠዋት በሬዲዮ ይነገራል፤ ከጣሪያህ ጭስ ከታየ ቅጣት አለ። እኔ እሰይ ብያለሁ። አባባ ግን አበዱ ልበልህ። "በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እንጨቴ!" እያሉ ነጋ ጠባ ይነጫነጫሉ። የነጭ ጋዙን ማሞቂያ ሳበራላቸው ጀርባቸውን ይሰጡታል። "የልጅ ልጅዎ ሳንባ ይበልጣል ወይስ ምድጃው?" ስላቸው መስኮቱ ጋ ሄደው ይቆማሉ።

እኔ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያዩት ከመንገዱ ማዶ የወንድማቸውን የአጎቴ ቤሊሳርዮን ጣሪያ ነው። በዚያች የእኔ ናት የእኔ ናት በተባባሉባት ፈረስ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው አይደል? ሆኖም የማዶውን ጭስ ሳያዩ የማቴ ሻያቸውን ፉት ብለው አያውቁም። ሁለቱ እልኸኞች እንዴት አደርክ የሚባባሉት በጭስ ኖሯል!

ማክሰኞ ዕለት ክልከላው ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። አባባ ከመስኮቱ አልነቀል አሉ። "ሂጂና እዪው" አሉኝ። "እግሬን አሞኛል፣ እርስዎ ይሂዱ" አልኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አላመመኝም። ካፖርታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው ወጡ። ምን ባይ ጥሩ ነው? አጎቴም በነጠላ ጫማ ከቤታቸው እየወጡ! መንገዱ መሀል፣ በረዶው ላይ ተገናኙ።

"ሞተህ ከሆነ ልቀብርህ ነው የመጣሁት" አሉ አባባ።

"አንተን ሳልቀብር የት ልሄድ!" አሉ አጎቴ።

ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም በመስኮቱ እያየሁ አብሬ አነባሁ።

ዛሬ አየሩ ጥሩ ስለሆነ ማንደድ ተፈቅዷል። አባባ ግን ምድጃውን አላስነካ አሉኝ። "ተዪው፤ ጭስ ካየ ደህና ነው ብሎ ሳይመጣ ይቀራል" አሉ።

አንተም ከጻፍክ ሦስት ወርህ ነው። የአንተን ጣሪያ ከዚህ ሆኜ ማየት አልችልም፤ በል ጻፍ!

ያስናን ሳምልኝ፤ ቪሴንቴን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርግልኝ፤ አማትህንም ሰላም በልልኝ። አባባና አናይስ ናፍቀንሃል ይላሉ። አጎቴ ቤሊሳርዮም እዚሁ ጠረጴዛችን ጋ ተቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ "የእኔንም ሰላምታ ጻፊለት" እያሉኝ ነው።

እህትህ ሮሳልባ
ኮያይኬ፣ ጁላይ 9