የትርንጎ ፀጉር ቤት ጣራ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

አሁንም ያፈሳል። ጠዋት ከሥላሴ ስመለስ ልጄ ትርንጎ ሳፋ ይዛ ጋራዡ መሐል ቆማለች፤ ጠብታው ደግሞ ሳፋውን ትቶ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ጋራዥ እንለዋለን እንጂ መኪና ገብቶበት አያውቅም። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ቤቱ ካለ መኪናው አይቀርም» ብሎ ነው በድንጋይ ያስገነባው። ከላይ ቆርቆሮ ይበቃዋል ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ የሲሚንቶ ሶሌታ አስሞላበት፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ። ቆርቆሮ ቢሆን ምስማር መትቼ እገላገል ነበር። መኪናው ቀረና በሱ ፈንታ ልጃችን ከዓረብ አገር መጣች። ተመስገን! አሁን ፀጉር ቤት አድርጋዋለች። ወንበሩ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ፣ ትልቁ መስታወት፣ ግድግዳው ሮዝ። እኔም ጥግ ይዤ የደብረ ታቦርን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ዛሬ ግን ካስኩን ስትሰካ ብልጭ አለ። ሥላሴ አተረፏት። ገመዱን ነቅላ ጠቀለለችና፣ «እማዬ፣ ይሄ ጣራ ካልተሠራ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። ጓሮ ሄዳ በዓረብኛ ብዙ አወራች። ምን እንዳሉ አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈራሁት።

ማክሰኞ

ግንበኛው አስማማው መጣ። ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው ይለዋል። እኔ እንጃ። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ኮርኒስ የሌለውን ጣራ አንጋጦ አየ። ጠላ ቀዳሁለት፤ ጠጥቶ እንደገና አየ። ደግሜ ቀዳሁለት። ከዚያ «ውሃ ሌባ ነው እትዬ፣ በገባበት በር አይወጣም» አለኝ። የሌባን ነገር እንዲህ ያወቀው ከየት ነው?

ወጥቶ ስንጥቁን ጠረገና ካትራሜ አቅልጦ ደፈነው። ሽታው ሠፈሩን አዳረሰው። ምሳ ይዤ ብቅ ስል እሱና ትርንጎ መሰላሉ ሥር ይንሾካሾካሉ። እኔን ሲያዩ ዝም። ምንድን ነው ብል፣ ስለ ስንጥቁ ነው አሉኝ። ስለ ስንጥቅ በሹክሹክታ ይወራል እንዴ?

ዓይኑን ጥሎባት ይሆን አልሁ። አይደለም፤ አንበሳሜ ከተማ ሚስት አለችው፣ አጣርቻለሁ። ግን ወንድሙ የባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ ባሕር ዳር ነው የሚወርደው። ይህን አስቤ ራቴን አልበላሁም።

ረቡዕ

ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ያውም ከበረዶ ጋር። ትናንት የተደፈነው ቦታ ደርቋል። አዲስ የሚያፈስ ቦታ ግን በሩ ላይ ተከፈተ። ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች አንዲት መምህርት ዣንጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። እየሳቀች ነው፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላ ሄደች። ትርንጎ አልሳቀችም።

አስማማው ስልኩን ዘግቷል። ጠረጠርሁ፤ እያፈሰሰ ከቆየ እንጀራው እሱ አይደል! ማምሻውን መጣ። ወጥቶ አይቶ ሲወርድ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። ውሃው እላይ ተኝቷል፣ መሄጃ አጥቷል፣ ነገ ማፍሰሻ ቱቦውን አየዋለሁ አለ።

መሄጃ አጥቷል ሲል ነገሩ ገባኝ። የጎረቤቴ የእትዬ አንጓች ባሕር ዛፍ! በአጥሩ አልፎ ሶሌታዬ ላይ ተንጋዷል። ቅጠሉ ነው የደፈነው። በዚያ ላይ ሰኔ ላይ፣ ለሚካኤል ማኅበር ጠላ ልጠምቅ የበቀለ ብቅሌን ሶሌታው ላይ አስጥቼ እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ግማሹ የለም። ያን ቀን ዘንቦም ነበር፤ ቢሆንም የርሳቸው ዶሮዎች ከአጥሩ ላይ አይጠፉም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ብቻ አሳጠርሁ።

ሐሙስ

ይህን መጻፍ የለብኝም ነበር፤ ግን ደብተሬ ሐሜተኛ አይደለም።

አስማማው ሳይመጣ ልቅደም ብዬ እትዬ አንጓችን ጠራኋቸው። ምስክር ይሁኑኝ አልሁ፤ በገዛ ዓይናቸው ቅጠላቸውን ይዩ። በትራቸውን ተደግፈው መሰላሉ ሥር ቆሙ። ትርንጎ መሰላሉን ያዘችልኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። የቱቦውን አፍ በቁራጭ ፌሮ ብረት ብወጋው አልገባ አለ። እጄን ከትቼ የያዝሁትን ጎተትሁ።

ሣር የመሰለ ነገር ወጣ። ረዘም ያለ፣ አረንጓዴ፣ ሥሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። ጎትቼ ጎትቼ አላልቅ አለኝ። ከሥሩ አፍንጫዬ ላይ የመጣው ሽታ ደግሞ የማውቀው ነው። ከየሥሩ የገብስ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ብቅሌ! ዝናቡ ጠርጎ ቱቦ ውስጥ ከትቶት፣ እዚያ ተመችቶት በቅሏል።

እትዬ አንጓች ከታች አንጋጠው፣ «ምን አገኘሽ ልጄ?» አሉኝ።

ወርወር አድርጌ ጣልሁላቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «እህል ነው። ጥሩ ገብስ ነው፤ ትንሽ ብትታገሺው ያሸት ነበር» አሉ። ሄዱ ብዬ ተንፈስ ስል ከበሩ ዞር አሉና፣ «ሰላምታሽ ያጠረው በዶሮዎቼ ነው ይሉኛል። እንግዲህ የኔን ተዪው፣ እነሱን ይቅርታ ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ትርንጎ መሰላሉን ይዛ በሳቅ ስትንፈራፈር እኔን ልትጥለኝ ነበር። ከመጣች እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። ይሳቅብኝ ግድ የለም።

ዓርብ

አስማማው ቱቦውን አጠበና ጠርዝ ጠርዙን እንደገና ካትራሜ ቀባ። ሲደርቅ የቱቦውን አፍ በጨርቅ ወትፎ ሶሌታውን ውሃ ሞላበት። ያበደ መሰለኝ! ሙከራ ነው አለ። ከታች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንጋጥጬ ጠበቅሁ፤ አንገቴ እስኪቆለመም። አንዲት ጠብታ የለም።

ደስታው ድፍረት ሰጠኝና ማክሰኞ ምን ስትንሾካሾኩ ነበር አልሁት። አንገቱን አከከ። «እውነቱን ንገረኝ፣ የሚድን ጣራ ነው ወይ፣ መልስ የምሰጠው ሰው አለኝ አለችኝ፤ አይቼ እነግርሻለሁ አልኋት» አለኝ።

«አሁንስ ምን አልሃት?»

«ይድናል አልኋት እትዬ።»

መልስ የምትሰጠው ሰው ማን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ከቅዳሴ ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ጋራዡ ደረቅ ነው። ውሃው በቱቦው ሲወርድ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል! ያቺ መምህርት ዣንጥላዋን አጥፋ ገባች። ለእትዬ አንጓች ዶሮዎች አንድ ጣሳ ገብስ ልኬላቸዋለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ያው ቁጥር። ዛሬ ጓሮ አልሄደችም፤ ከፊቴ ቆማ አወራች። ስትጨርስ አላስቻለኝም፣ ምን ይላሉ አልኋት።

«መቼ ትመጫለሽ ነው የሚሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ቤት እያሠራሁ ነው፣ ሥራው ሳያልቅ አልንቀሳቀስም አልኋቸው።»

«አልቋል እኮ» አልሁ። ይቺ ምላሴ!

ትርንጎ ወደ ጣራው ቀና ብላ አየች። «አዎ፣ አልቋል» አለችና የመምህርቷን ፀጉር ልታጥብ ዞረች። ፈገግ ብላ ነበር? ጀርባዋ ነው የታየኝ፣ አላወቅሁም።

ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆሜ ለአስማማው ደወልሁ። ነገ ብቅ በል አልሁት። ደንግጦ፣ ደግሞ የት አፈሰሰ አለኝ። የትም አላፈሰሰም። ግን ያ ሶሌታ ሰፊ ነው፣ ባዶውን ከሚቀር አንዲት ክፍል ይሸከም እንደሆነ እየው አልሁት። ይሸከማል፣ ቶሎ ብዬ እጨርስልዎታለሁ አለ።

«አይ አስማማው፣» አልሁት፣ «ማን አጣደፈህ?»