ካውያና ምድጃ በአንድ ጊዜ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ደብዳቤህ «ትንሽ ይሻለኛል» ብለህ አልፈኸዋል፤ ትንሽ ማለት ለእኔ መልስ አይደለምና በደንብ ጻፍልኝ። ባለቤትህ ከሳሏ ዳነች? ልጅቷ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ትንሹስ አሁንም በእንቅልፉ ይስቃል? እኛ ደህና ነን። ይህን የምልህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። ሰሞኑን በእርግጥ ደህና ሆነናል፤ እንዴት እንደሆንን ተራ በተራ እነግርሃለሁ።

የልጅህን ክፍል ለእማዬ አስለቅቀህ እንዳዘጋጀህና ሳልውል ሳላድር እንድልካት የጻፍክልኝ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም፤ ተሳስተሃል ማለት ስላልቻልኩ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ካለው ግድግዳ ጭስ በወጣ ዕለት ከገበያ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸት ነበር፤ እሷ ግን ትራሷን አቅፋ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ዓይኔን ገልጬ ነበር የማድረው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰማንያን ያለፈች ሴት ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቤት ማስወጣት ትልቅ ዛፍ ነቅሎ እንደመትከል ነው። ስለዚህ እሷን ከመላኬ በፊት ቤቱን ለማስጠገን ልሞክር ብዬ ተነሳሁ።

አንተ ያደግክበት ስለሆነ ታውቀዋለህ፤ ለልጆችህ ስታነብላቸው እንዲገባቸው ግን ልጻፈው። ቤቱ ከአባታችን ዕድሜ የሚበልጥ ፎቅ ነው፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ የመብራት መስመር ይኖርበታል። ምድጃና ካውያ አንድ ላይ ከተሰኩ ደረጃው ሥር ያለው ፊውዝ ይወድቅና ሁላችንም እንጨልማለን። ለዚህ ነው ምድጃ የሚሰካ ሰው ደረጃው ላይ ወጥቶ «ልጥድ ነው!» ብሎ የሚጣራው። ከላይ ወይም ከታች «ጣጂው» ይባላል፤ አለዚያም «ቆዪ፣ ካውያ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ይመጣል። እኛ ልጆች ሳለን ቤት ሁሉ እንደዚህ የሚኖር ይመስለን ነበር።

ያስመጣሁት ኤሌክትሪሻን ዝምተኛ ሰው ነው። በመጣ ቁጥር መብራት ስለሚያጠፋ እማዬ «ጨለማው» የሚል ስም አወጣችለት፤ ደረጃውን ሲወጣ ስትሰማ «ጨለማው መጣ፣ ሻዩን ቶሎ ጣጂ» ትለኝ ነበር። ግድግዳውን ከፍቶ ሽቦውን አሳየኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ ሽቦ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ ያለው ጎማ ደርቆ ጣት ሲነካው እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። ወዲያውኑ ወደ እማዬ መኝታ ቤት የሚሄደውን መስመር ቆረጠው። ከዚያ በኋላ «ይሄ አይጠገንም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ላይ መለወጥ ነው» አለኝ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ የጣራውን ቅርጻቅርጽ መንካትም ሆነ የፊቱን ግድግዳ መሰንጠቅ አይቻልም። አዲሱ ሽቦ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ተገኘ፦ ማንም የማይጠቀምበት የድሮው ጭስ ማውጫ። የጭስ ማውጫው አፍ ደግሞ አንተ ከሄድክ በኋላ ምድር ቤት የገባው ልብስ ሰፊ ከሚተኩስበት ጠረጴዛ ጀርባ ነው።

ሌሎቹ ሁሉ ተስማሙ፤ እሱ ብቻ እምቢ አለ። የሠርግ ወቅት ነው፣ ነጭ ልብስ ሞልቶብኛል፣ አቧራ አላስገባም አለ። በወረቀት ላይ የሽቦውን መንገድ ነድፌ ወረድኩ፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩለት፤ የሚፈርሰው ከመስኮት መዝጊያ እንደማይበልጥ ለክቼ አሳየሁት። «ልክ ነዎት፣ ቲቸር» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል። ደግሜ ስወርድም «ልክ ነዎት፣ ቲቸር» ነው። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚህ የሚስማማና እንደዚህ የማይሰማ ተማሪ አልገጠመኝም። እማዬ ያን ጊዜ ማታ ማታ በእጅ ባትሪ እየተመራች ነበር የምትተኛው።

አንድ ቀን እማዬ ሳትጣራ ጣደች። ፊውዙ ወደቀ። ልብስ ሰፊው የቀዘቀዘ ካውያ ይዞ ወጣና «ምነው እማማ፣ ዛሬ አልተጣሩም?» አላት። «ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው፣ ልጄ» አለችው። በማግስቱ እንደገና ወጣ። «ረስቼው ነው፣ እርጅና እኮ ነው» አለችው፤ የጎረቤቱን ሁሉ የልደት ቀን በቃሏ የምታውቅ ሴት። ይህ ደግ ሥራ አይደለም ብዬ ተቆጣኋት። «አንቺ ዕድሜ ልክሽን አስተምረሻል፣ እኔ አንድ ልጅ ባስተምር ምን አለበት?» አለችኝ። አንተም እንዳትሰጋ ልጨምር፤ የተበላሸው መስመር ተቆርጦ ስለነበር ከፊውዙ መውደቅ በቀር የሚደርስ ነገር እንደሌለ ኤሌክትሪሻኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው አንድ እጅጌው የተተኮሰ፣ ሌላው የተጨማደደ የሙሽራ ቀሚስ ታቅፎ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እሺ እማማ፣ ግድግዳዬን መቼ ነው የምታፈርሱት?» አለ። እማዬም ጉሮሮዋ ዳነላትና ለልብሶቹ ማረፊያ አገኘችላቸው። ነጫጮቹ ቀሚሶች ሁሉ ወደ እኛ ሳሎን ወጥተው በመጋረጃ ብረታችን ላይ ተሰቀሉ። እንግዳ በገባ ቁጥር «ልብሱስ ሞልቷል፣ ባል ነው የጠፋው» እያለች ስትስቅ ሰነበተች።

ሥራውን ብታየው ትወደው ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ከላይኛው ፎቅ በጭስ ማውጫው ውስጥ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ሲባጎ ለቀቀ። ከታች የያዘው ልብስ ሰፊው ነው፤ ጥቀርሻው ፊቱን አጥቁሮት «ያዝኩት!» ብሎ ሲጮህ ደረጃው ሁሉ ሳቀበት። በዚያ ሲባጎ አዲሱ ሽቦ ተጎተተ። አሁን እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ አለው፤ የማን የቱ እንደሆነ ሳጥኑ ላይ በእጄ ጽፌበታለሁ፣ በኔ ጽሑፍ ማንም አይሳሳትም። የእማዬን ማብሪያ ማጥፊያ እጇ ከለመደበት ቦታ ንቅንቅ እንዳያደርገው ለኤሌክትሪሻኑ ነግሬው ነበር፤ አላደረገውም። ግድግዳው ገና ስላልተቀባ እንደ ተጣፈ ሱሪ ነው፤ እሱም በጊዜው ይደርሳል።

መስመሩ የተለቀቀ ዕለት ልብስ ሰፊው ካውያውን፣ እኛ ምድጃችንን፣ ላይኞቹ ልብስ ማጠቢያቸውን ባንድ ጊዜ ሰካን። ሁላችንም ደረጃው ላይ ቆመን አምፖሉን አንጋጠን አየን። ብልጭ እንኳ አላለም።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ደረጃው ላይ ወጥታ «ልጥድ ነው!» አለች። አሁን እኮ አያስፈልግም፣ እማዬ፣ የየራሳችን መስመር አለን ብዬ ላስረዳት ስጀምር ከታች «ይጣዱ እማማ! እኔም ሰክቻለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ብላ አየችኝና «ሰማሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላስረዳኋትም።

ወንድሜ፣ ያንተን አሳብ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። «ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ቤቴን ሸሽቼ ግን አልሄድም» ብላለች። እኔም አሁን ሁለቱን ዓይኔን ጨፍኜ እተኛለሁ። ስለዚህ እማዬ እዚሁ ትቆይ፤ በጋ ላይ ለጥየቃ አመጣታለሁ።

ለባለቤትህ ማር በሎሚ እየጠጣሽ ጉሮሮሽን ጠብቂ በልልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ኤሌክትሪሻኑና ልብስ ሰፊው ባያውቁህም ሰላም ብለውሃል። ልጅቷን ግን ለብቻዋ ጥራና ክፍሏ እንደተመለሰላት ንገራት፤ ለአያቷ ብላ ከግድግዳው ያነሳቻቸውን ሥዕሎች መልሳ ትለጥፍ። አያቷ ስትመጣ ከሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፤ እንደምታንኮራፋ ከወዲሁ ትወቀው።

እትዬህ

ከድሮው ቤት፣ ከሁለተኛው ፎቅ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኅዳር 14 ቀን