የሃኒ የፈረንሳይ ሽንኩርት ሾርባ

አሚርዬ፣ ጅማ እንዴት ናት?

የአክስቴ ልጅ ሃኒ ትናንት የእጮኛዋን እናት እትዬ ወለተሰንበትን ራት ጋበዘች። «ወጥ ብሠራ ከራሳቸው ወጥ ጋር ያወዳድሩብኛል» ብላ የፈረንሳይ ሽንኩርት ሾርባ መረጠች፤ ወጪውም ሽንኩርት ብቻ ነው። የልደታ ኮንዶሚኒየም ማድ ቤት ከእናንተ ቁም ሳጥን አይሰፋም፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን ተቁላላና ሃኒ ዳቦ ልትገዛ ወረደች።

እትዬ ወለተሰንበት ቀድመው ደረሱ። እንግዳ ነኝ ብለው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም፤ ነጠላቸውን ለእኔ አስይዘው ማድ ቤት ገቡ። ድስቱን አይተው «በርበሬውን ረስታዋለች፤ እንዳታፍር፣ አንቺም ዝም በይ» አሉኝና ሦስት ማንኪያ ጨመሩበት። 

ሃኒ ተመልሳ ድስቱን ከፈተች፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ከደነችው። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዳቦና አይብ ጣል አድርጋበት አቀረበች።

እትዬ ቀመሱ። «የፈረንጅ ምግብ ሲሉኝ ፈርቼ ነበር፤ ለካ እንደኛው ወጥ ነው። ቁሌቱ ግን ትንሽ ይቀረዋል።»

«እሺ እማማ» አለች ሃኒ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን የፈረንሳይ ምግብ ሲሠሩ እንደኖሩ ንገሪያቸው።

ትርሲት