ያላንቺ የታቀደ የሐረር ጉዞ

ውድ ሰኒዬ፣

ከተለየሽን እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ሙት ዓመትሽን በልደታ ማርያም አውጥተናል፣ ጥቁሩንም አውልቀናል። ሰው እንዴት ናችሁ ሲለን ደህና ነን እንላለን። ላንቺ ግን መዋሸት አልችልበትም፤ ድሮም ዓይኔን አይተሽ ታውቂብኝ ነበር። በጣም ናፍቀሽኛል።

ቤቱ ያው ነው። አሁንም አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት ዛሬም የለም። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወርደዋል። በረንዳ ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ከእኔ እጅ ወጥቶ ሕሊና ስለያዘችው ለምልሟል። ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ አንቺን በልጧል፤ ወሬዋ ግን ጠፍቷል። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ታጠናለች፣ ትተኛለች። ሁለት ሰው ሆነን የአንዳችንም ድምፅ ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን አለ።

የምጽፍልሽ ስለ ሐረር ጉዞ ነው። ጀጎልን ጠግበን ካየን በኋላ ቁንዱዶ ተራራ ላይ የዱር ፈረሶቹን ፍለጋ እንወጣለን ብለሽ ስታስቢ ነበር ሕመሙ የቀደመሽ። በመጪው ዓመት ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ የት እንደሚደርሳትም አናውቅም። በዚህ የጥር እረፍት ካልወሰድኳት መቼ አብረን እንደምንሄድ እንጃ። እሷ ግን አልሄድም ብላ ድርቅ አለች።

የጉዞ ነገር መቼም ያንቺ ሥራ ነበር። ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤትሽ ስትመለሺ ቦርሳሽ ውስጥ የሆነ ነገር የተጫረበት የታጠፈ ወረቀት አይጠፋም። መጀመሪያ ከተማ፣ ቀጥሎ ጋራ፤ ይህ ሕግሽ ነበር። ሰው የአገሩን ሰው ሳይተዋወቅ ተራራው ላይ ምን ይሠራል ትይን ነበር። ጎንደርን ግንቡንም፣ አድባራቱንም፣ ማሲንቆ የሚሰማበትንም ቤት አዙረሽ ካሳየሽን በኋላ ነው ወደ ሰሜን ተራሮች የወሰድሽን። አርባ ምንጭም ላይ ገበያውን ሳናዳርስ ዶርዜ አላወጣሽንም።

ልምምዱስ! ጉዞው ወር ሲቀረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻንጣችንን በውሃ ጠርሙስ ሞልተሽ አራቱን ፎቅ ታስወጪን፣ ታወርጂን፤ ከዚያ በእግር እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ሻንጣችንን አይተው የተጣላን መስሏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊያስታርቁን አልመጡም? አንቺም ሳቅሽን ውጠሽ፣ ጥፋቱ የሱ ነው፣ ይምከሩልኝ አልሻቸው። ግማሽ ሰዓት ተመከርኩ።

ዘንድሮ እንግዲህ እኔ ላቅድ ተነሣሁ። በቀለም ሱቄ ደንበኛ ሲጠፋ ቀኑን በስልኬ እያየሁ፣ ሰዓቱን እየደለደልኩ ስንት ቀን ፈጀሁ። በትልቅ ወረቀት ገልብጬ እሑድ ከምሳ በኋላ ሕሊና ፊት ዘረጋሁላት፤ ድካሜን ስታይ ልቧ ይራራል ብዬ ነው። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሐረር፤ ረቡዕ ጠዋት ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ዓርብ የመሰናበቻ ጥብስ። ቅዳሜና እሑድ ተራራ፣ ስንቃችን በሶና ቆሎ። አነበበችው። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስትስቅ ነው ለካ! አባዬ፣ በጾሙ ቀን ጥብስ ፊት ቁጭ ልንል፣ በፍስኩ ተራራ ወጥተን በሶ ልንበጠብጥ ነው ወይ አለችኝ። ሳቋን ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ስልኬ ጾም አያውቅም። አንቺ ግን የምታቅጂው ወጥ ቤት ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ ነበር፣ ጾሙ በቀይ ከተጻፈበት። ከተማው ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ፣ ያገኘነውን ሁሉ እየበላን፤ ተራራው ረቡዕ ይጀምርና ዓርብ ያልቃል፤ በሶና ቆሎ ድሮም የጾም ነውና ማንም ምንም አይቀርበትም። ይህንን ያስረዳችኝ ሕሊና ናት። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ አጋጣሚ ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ ነሽ ብዬሽ አውቅ ይሆን? እንጃ። ዛሬ ግን እላለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ጎበዝ አላየሁም።

ሕሊና እርሳሱን ከእጄ ቀምታ እቅዱን እንደገና ጻፈችው። ተሳካልኝ ብዬ ነበር። ስትጨርስ እርሳሱን አስቀምጣ፣ አሁንም አልሄድም አለች። ለምን ብዬ ለመንኳት። ከኋላዬ ማን ሊሄድ ነው አለችኝ።

ሰኒዬ፣ አንቺ ተራራ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርሽ። እኔም ከፊት ሆኜ፣ ኤሊዬ ደረስሽ ወይ እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። ለካ ሰሜን ተራሮች ላይ የሕሊና እግር ውሃ ቋጥሮ፣ እንዳላፌዝባት ደብቃኝ ስትሄድ፣ አረጋገጧን ከኋላ አይተሽ አውቀሽባታል። ለእኔ ምንም ሳትተነፍሺ፣ ፎቶ ላንሳ እያልሽ በየመቶ ርምጃው ታስቆሚን የነበረው ለዚያ ነው። አሥራ ምናምን የጉም ፎቶ አለን፤ ጉም ምኑ ይነሣል ብዬ የሳቅሁብሽ። ልጅሽ ግን እስከ ጫፍ በራሷ እግር ወጣች። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

እኔ ከኋላሽ እሄዳለሁ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ አንተ እኮ ታልፈኛለህ አለች። አልፈረድኩባትም።

ትናንት ቅዳሜ ሻንጣችንን በውሃ ሞልተን ወጣን። ሕሊና ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እስከ ሜክሲኮ ሦስት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከሜክሲኮ ተክለ ሃይማኖት አንድ ጊዜ። ስንመለስ አልዞረችም። ቤት ገብታ የጫማዋን ክር እየፈታች፣ በል ትኬቱን ቁረጥ አለችኝ።

አካሄዷ ያንቺ መሆኑን ያየሁት ትናንት ነው፤ ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋ። ከፊት ከፊት ስሮጥ ስንት ነገርሽ አምልጦኛል። ቁንዱዶ ላይ፣ ፈረሶቹ ቢገኙም ባይገኙም፣ አንቺ ትሄጂበት በነበረው ቦታ ሆኜ አስብሻለሁ። ቃሌ ይኸው ነው፤ አላልፋትም።

ያንቺው ሙሉጌታ