ግሪምሾ በሬዲዮ የሰጠው ቃል

ላንክሻየር፣ ኅዳር 1951

ውድ ክላሪስ፣

ማክሰኞ ቀትር ላይ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገሽ እንደነበር ነርሷ ለእናትሽ ነግራታለች፤ እናትሽ ደግሞ ለእኔ። ስለዚህ አልሰማሁም ብትይ አላምንሽም። ይልቅ በሬዲዮ ያልታየሽን ልንገርሽ፤ ያ ሁሉ ነገር እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስልሽ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቅሽ መጥቼ ያልሽኝ ነገር እስከ ቤቴ ድረስ ሲከነክነኝ ነው የሄድኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጭሽ ሳብ አድርገሽ፣ «ደረቴን ተቀድጄ ብድንስ ወዴት ልመለስ ነው? ግሪምሾ ማሽኖቼን ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው። ኦፕራሲዮኑ ይቅርብኝ» አልሽኝ። ልጮህብሽ ነበር፤ ንጹሕ አየር እንዲያገኙ በረንዳው ላይ የተኙትን በሽተኞች አይቼ ዋጥኩት። ያናደደኝ እውነትሽን መሆኑ ነው። አንቺ ሳንባሽን ታመሽ ከተኛሽ ጀምሮ አራቱን የሽመና ማሽኖችሽን ዶርካስ፣ ኦሊቭ፣ ፌቤና እኔ አንዳንድ ተካፍለን፣ በራሳችን አራት አራት ላይ ደርበን ይዘናል። ቦታሽን ሌላ ሰው እንዳይይዝብሽ ብለን እንጂ፣ ያ የግድግዳው ጥግ ያለው ማሽንሽ እንኳን ለሰው ለሰይጣንም አይመኙለትም። ክር ሲበጥስ ይውላል። ግሪምሾ ግን ሥራ አስኪያጅ አይደል? ጠርቶን፣ «ማሽን የታመመ ሰው አይጠብቅም። በወሩ መጨረሻ አዲስ ሸማኔ አስገባለሁ» አለን።

እንግዲህ የሬዲዮ ሰዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የምሳ ሰዓት ፕሮግራማቸውን ከእኛ ዘንድ በቀጥታ ሊያስተላልፉ የፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ ፒያኖ አስገቡ፤ ሽቦ በየጠረጴዛው ሥር ዘረጉ፤ ወጥ ቤቶቹን ሳህን እንዳታንኳኩ ብለው አስጠነቀቁ። ከሸማኔዎቹ አንዷ ትጠየቃለች ተባለና እኔ ተመረጥኩ። አስተዋዋቂው ሚስተር ላቲመር የሚባል፣ ፀጉሩ በቅባት ያበራ፣ ደግ ሰው ነው። ወረቀት ሰጠኝ።

«ወይዘሪት ሄቲ፣ የምንባባለው በሙሉ እዚህ ተጽፏል። ለንደን ያሉት አለቆቻችን አይተው ፈቅደውታል። ከዚህ ውጭ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።»

«የምስቅበትስ ቦታ ተጽፏል?»

«አዎ፣ ይኸውና።»

ክላሪስ ሙች፣ «ትስቃለች» ይላል! ከዚያ በታች ደግሞ ሥራ ላይ እየዘፈንን ስለምንውል ድካም አይሰማንም እንድል ተጽፎልኛል። በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ውስጥ ማን ሰምቶን ነው የምንዘፍነው? የሰው ስም መጥራት፣ ለታመመ ሰላምታ መላክ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። እሺ አልኩ። ስምሽን እንደማልጠራ ቃል ገባሁ፤ ቃሌንም ጠብቄያለሁ።

ስርጭቱ መጀመሩን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ሲበራ አዳራሹ ጸጥ አለ። የሬዲዮ ሰዎቹ በጨዋነታችን ተደነቁ። አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ በማሽኖቹ ጩኸት መሃል እንደለመድነው ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ያወራል! ኦሊቭ ስለ ፒያኖ ተጫዋቹ ሱሪ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ግሪምሾ አዲሱን ክራቫቱን አስሮ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከቢሮ እንጂ ከማሽን ስላልመጣ የከንፈር ወሬ አያውቅም፤ ዶርካስ በራሱ ላይ አሻግራ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆን! በለው!» ስትለኝ እሱ ለማይክሮፎኑ ፈገግ ብሏል።

«ስንት ማሽን ትይዣለሽ፣ ወይዘሪት ሄቲ?» አለ ላቲመር።

ወረቀቱ «አራት» ይላል።

«አምስት» አልኩ።

ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየኝ። ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ለእነሱ ነውር ነው መሰለኝ፣ ደንግጦ፣ «አምስት?» አለ።

«አራቱ የራሴ ነው። አምስተኛው የጓደኛዬ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች፤ እስክትመለስ ድረስ አራት ሆነን ሥራዋን እየጠበቅንላት ነው። ሥራ አስኪያጃችንም ቦታዋን ለማንም አይሰጡባትም። ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል። እውነቴን አይደለም፣ ጌታዬ?»

ላቲመር ምን ያድርግ? ማይክሮፎኑን ወደ ግሪምሾ አዞረ። ያ ጉሮሮውን ሲጠራርግ የሰማሽው ሰው እሱ ነው። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ዞር ሲል ያ ሁሉ ሸማኔ ዓይኑን ተክሎበታል።

«አዎ... እውነት ነው» አለ። «እስክትመለስ ድረስ የሷ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሰማሽው ጭብጨባ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

መብራቱ እንደጠፋ ላቲመር፣ «ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነበር» አለኝ፤ ግን ወረቀቴን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እጄን ጨበጠኝ። ግሪምሾ ደግሞ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ መጣ።

«ወጥመድ ውስጥ ነው የከተትሽኝ!»

«እኔ ጠየቅሁ፤ የመለሱት እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ማታውን ደግነቱን በሬዲዮ የሰማች ሚስቱ በደስታ አልቅሳ ተቀበለችው አሉ። ሥጋ ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ጨብጦታል። ዛሬ ጠዋት በማሽኖቹ መካከል ሲያልፍ አንቺን የመጠበቁ ሐሳብ ከመጀመሪያውም የራሱ እንደነበር ለፌቤ ሲያስረዳት ነበር። አላረምነውም። እንዲያውም ያንን የጥግ ማሽን ሊያስጠግንልሽ ነው።

ክላሪስ፣ እኔ ደፋር ነኝ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ሙሉ አገር እየሰማኝ ከወረቀቱ ወጥቼ ተናግሬያለሁ። እሑድ ዕለት ካንቺ አጠገብ ተነስቼ ወደ አውቶቡሱ ስሄድ ግን ፈርቼ ነበር፤ ደረትሽን የሚቀድዱትን ሰዎች አይደለም የፈራሁት፣ አንቺ እንቢ ማለትሽን ነው። እወድሻለሁ። ይህንን ፊት ለፊት ብልሽ ስለምትስቂብኝ እዚህ ጻፍኩት።

ሰበብሽን ወስጄብሻለሁ። መመለሻ የለኝም ብለሽ ነበር፤ መመለሻሽን አገር ሰምቷል። ስለ ሕመሙ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ጠባሳው ልታጉረመርሚ ትችያለሽ፤ እኔም እሑድ እሑድ እየመጣሁ እሰማሻለሁ። ሐሙስ ሐኪሙ ለኦፕራሲዮኑ ፈቃድሽን ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ሌላ ወሬ እንዳታመጪ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልፈልግም። መልሱን ለሐኪሙ ስጪው።

ያንቺው
ሄቲ