የሲላስ ንቦች ሐዘን

ዌንበሪ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1955

ለውድ ባለቤቴ ለሲላስ፣

በፖስታው ላይ የእኔን እጅ ጽሕፈት ስታይ ለወንድምህ "አየሃት፣ ተሸንፋ ጻፈች" እንዳትለው። አልተሸነፍኩም። የምጽፍልህ ስለ ንቦችህ ነው። እግረ መንገዴን ግን ጤንነትህን ልጠይቅ፤ ያ ደረትህ የሊቨርፑልን የወደብ ንፋስ እንዴት ቻለው? የሱፍ ሸሚዝህን ከውስጥ ትለብሳለህ ወይስ ወንድምህ እንዳያሾፍብህ ሻንጣህ ውስጥ ቀብረኸዋል? እኔ ደህና ነኝ። አልፎ አልፎ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ።

በዚህ በጋ መንደራችን ህልም ውስጥ ገብታ ነው የከረመችው። ከለንደን ፊልም ሠሪዎች መጥተው ነበር። ፊልሙ አስቂኝ ነው አሉን። አንድ ግትር ባላባት ስልክም ትራክተርም መንደሬ አይገባም እንዳለ ኖሮ ይሞታል፤ ከዚያ የወንድሙ ልጅ ከለንደን መጥታ መንደሩን ላዘምን ስትል ባላገሩ ሁሉ ይነሳባታል። ታሪኩን ሲነግሩን አንተ ትዝ አልከኝ። ባላባት ባትሆንም ግትርነቱን አሟልተህ ይዘኸዋል።

ጉዱ ምን መሰለህ፣ እነዚያ ዘመናዊ ሰዎች የመጡት የድሮውን ዘመን ፍለጋ ነው፤ እኛ ደግሞ የድሮውን አራግፈን ከጣልን ቆይተናል። ዳይሬክተሩ ሚስተር ሎሪመር ዓይኑን ጨፈን አድርጎ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ቀጭን ሰው ነው። ያየውን አዲስ ነገር ሁሉ አስነሳ። የቴሌቪዥን አንቴናዎቹን ከየጣሪያው አስነቀለ፣ የአንጥረኛው የጃቤዝን ቆርቆሮ ሳር አለበሰው። ጃቤዝ ራሱ ትራክተር እንዳይገባ መንገድ ዘግቶ የሚጮህ ገበሬ ሆኖ ተመረጠ። በአካባቢው መጀመሪያ ትራክተር የገዛው እሱ መሆኑን ታውቃለህ።

"እኔ እኮ ትራክተር እወዳለሁ፣ ጌታዬ" አለ ጃቤዝ ባርኔጣውን እያሻሸ።

"ግድ የለም፣ የምትጠላውን ሰው አስብና ጩህ" አለው ሚስተር ሎሪመር።

ጃቤዝ ጥቂት አሰበና ጮኸ። ምን ልበልህ፣ ቁራዎቹ ከደወሉ ማማ ላይ ብር ብለው ጠፉ። አማቱ አጠገቤ ቆመው ነበር። "ማንን አስቦ ይሆን?" ብለው በቅንነት ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

የእኔንም የመጻሕፍት መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደብቂ ተባልኩ። "በዚህ ታሪክ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት የለችም" አለኝ ሚስተር ሎሪመር። "ከባሌ ጋር ተመካክራችሁበታል ማለት ነው?" አልኩት፤ አልገባውም። በጦርነቱ ጊዜ አምቡላንስ ስነዳ "የኔ ጀግና" ያልከኝ ሰው፣ መጽሐፍ ጭኜ ለአንባቢ እያዋስኩ ከመንደር መንደር ስዞር "ባል ያላት ሴት እንዲህ አትሆንም" ብለህ ሻንጣህን አንጠለጠልክ። ክርክሩን እዚህ አልቀጥለውም። ማክሰኞና ዓርብ አሁንም እነዳለሁ፤ ይህንን ብቻ እወቀው።

አሁን ወደ ንቦቹ ልምጣ። በፊልሙ ባላባቱ የሚሞተው በኖቬምበር ነው፤ የእኛን የፖም አትክልት ስፍራ መረጡና በጁላይ አጋማሽ ኖቬምበር አደረጉት። ቅጠል ቡናማ ቀለም እየቀቡ ከዛፎቹ ሥር በተኑ። በማሽን ጭስ እየነፉ ጉም ሠሩ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ ስመለከት ቀፎዎችህ መሬት ሳይነኩ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ላዩ ፀሐይ፣ ታቹ ክረምት። ወጥቼ በመካከሉ ስሄድ የገዛ ግቢዬ ጠፋኝ፤ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ባላባቱ ሲሞት የወንድሙ ልጅ በወጉ መሠረት ለንቦቹ መርዶ ትነግራለች። እናትህ ያረፉ ቀን አንተም በቤቱ ቁልፍ እያንዳንዱን ቀፎ አንኳኩተህ ስትነግራቸው፣ ጥቁር ጨርቅ ስታስርላቸው አጠገብህ ነበርኩ። መርዶ የተደበቀበት ንብ ይኮበልላል ብለህ፣ እያለቀስክ እንኳ ለእነሱ መንገር አልረሳህም። ያን ቀን ይበልጥ ወደድኩህ። ይህን ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ።

ተዋናይቷ ሚስ ላስኮም ግን ንብ ስትፈራ ለጉድ ነው። አንዷ ባርኔጣዋ ላይ ብታርፍባት ጩኸቷ ከጃቤዝ በለጠ። ሚስተር ሎሪመር ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"ሚስስ ፓርጀተር፣ ቁመታችሁ እኩል ነው። የምናነሳው ከጀርባ ነው፤ እባክዎን።"

ጎረቤታችን ሚስስ ቶሊ በአጥሩ ላይ ተደግፋ ታይ ነበር። ያቺ አሮጊት እንደሆነች ሳታይ የሚያልፋት ነገር የለም። "ዊኒ፣ ልጄ፣ ተይ። ለንብ አይዋሽም" አለችኝ።

"ፊልም ነው እኮ፣ ሚስስ ቶሊ።"

"እነሱ ፊልም አይተው ያውቃሉ?"

ወጣቱ ቄሳችን ሳቀ። "እመቤቴ፣ ንብ የሰው ቋንቋ አይሰማም" አላት።

"እርስዎስ እሑድ እሑድ የሚሰብኩት ለሚሰማ ሰው ነው እንዴ?" አለችው።

የሐዘኑን ጥቁር ልብስ ለበስኩ፣ ፊቴን በጥቁር ሻሽ ሸፈንኩ። የራሳችንን ቁልፍ ያዝኩ፤ ሚስተር ሎሪመር ዝገቱን ወዶት ነበር። እንድል የተሰጠኝ ቃል አጭር ነው፤ "ጌታችሁ ሞተ። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ኑሩ።" የባላባቱ ስም አልነበረበትም። ንቦቹ ደግሞ ካንተ ሌላ ጌታ አያውቁም።

የመጀመሪያውን ቀፎ ሳንኳኳ ሳቄ መጥቶ ነበር። ነገርኳቸው። ድምፃቸው ቀስ እያለ ወረደ፤ ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ትንፋሹን እንደሚውጠው። ወደሚቀጥለው ሄድኩ፣ ያም ዝም አለ። ጉሙ እስከ ወገቤ ደርሷል፣ የተቀባው ቅጠል ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ የሥራ ባርኔጣህ እንደተውከው ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። መጨረሻው ቀፎ ጋ ስደርስ ካሜራውን ረሳሁት። አለቀስኩ። ሲላስ፣ ለጥቂት ጊዜ በእውነት ሞተህ ነበር፤ እኔም በእውነት ብቻዬን ነበርኩ።

"ድንቅ!" ብሎ ጮኸ ሚስተር ሎሪመር። "መድገም አያስፈልግም!" ሚስ ላስኮም ሮጣ መጥታ በራሷ መሐረብ ፊቴን ጠረገችልኝ። ንቦቹንም ረስታቸው ነበር። "እንዲህ ማልቀስ የት ተማርሽ?" አለችኝ። እዚሁ ቤቴ አልኳት።

በማግስቱ የመጀመሪያው ቀፎ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መንደሩን ሁሉ ዞሬ ፈለግሁ። የት አገኘኋቸው መሰለህ? ፊልም ሠሪዎቹ የመኪናዬን የኋላ በር ክፍት ትተውት ኖሮ፣ መንጋው በሙሉ ገብቶ ከምግብ አሠራር መጻሕፍቱ በላይ ተንጠልጥሏል። ምን አደርጋለሁ? ሞተሩን በቀስታ አስነሳሁና እነሱን ጭኜ ወደ ቤት ነዳሁ። ከኋላዬ ያ ሁሉ ንብ በአንድ ድምፅ ያንጎራጉራል፣ የተቀቡት ቅጠሎች ከጎማው ሥር እየተነሱ ይከተሉኛል። ጎረቤቶቻችን የፊልሙን ጥቁር ልብስ እንደለበሱ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም፤ ካሜራ የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ወደ ቀፎው መለስኳቸው፤ አልቆዩም፣ እንደገና ኮበለሉ። አሁን ሁለተኛውም ቀፎ አይረጋም። ቄሱ ሙቀቱ ነው ይላል። መጽሐፍ ስለማነብ እኔም ወደሱ አደላለሁ። ግን ሐሙስ ዕለት ሻይዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁና ቀፎዎቹን አንኳኳሁ። "ዋሽቻችኋለሁ" አልኳቸው። "አልሞተም። ሊቨርፑል ወንድሙ ቤት ነው። ትንሽ ተቀይሞ ነው እንጂ ይመጣል።" ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሚስስ ቶሊ በአጥሩ ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። "አያምኑሽም፣ ልጄ። ባል የሞተባት ሴት ሁሉ እንደዚያው ነው የምትለው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እሱ ራሱ መጥቶ በድምፁ ይንገራቸዋ።"

ልስቅ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

ፊልም ሠሪዎቹ ሄደዋል። አንቴናዎቹ ተመልሰው ተተክለዋል፣ ጃቤዝም ሳሩን አንስቶ ለላሞቹ ሰጥቶታል። የተቀባው ቅጠል ግን ዛፎቹ ሥር እንዳለ ነው፤ እውነተኛው ገና አልረገፈም። ጠዋት በር ስከፍት ስንተኛው ወር ላይ እንዳለን ይጠፋኛል። ፊልሙ ለገና ይታያል ብለውናል። አስቂኝ ስለሆነ አገሩ ሁሉ እየሳቀ የእኔን ጀርባ ያያል። እኔ የምሄድ አይመስለኝም።

እንግዲህ ና የምልህ ለንቦችህ ነው፣ ብርዱ ሳይጠነክር። ባቡር ጣቢያ በመኪናዬ እጠብቅሃለሁ። ከጎኔ መቀመጥ ካሳፈረህ ከኋላ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀመጥ፤ ንቦችህ አልናቁትም። ማክሰኞ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ሥራዬን እስክጨርስ ትጠብቀኛለህ፤ የሚያነቡት ያለቀባቸው ሰዎች አሉብኝ። ከዚያ መመለስ ካሻህ እጅህን አልይዝም። ቀፎዎቹ አጠገብ ቁምና ድምፅህን አሰማ። መስኮቱን ክፍት አደርገዋለሁ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህንም ያለዝብልኝ። ለንቦቹ የነገርኳቸውን መርዶ እኔም እንዳላምነው፣ ቶሎ ና።

አሁንም ሚስትህ፣
ዊኒፍሬድ